ብልጭልጩን በቁንጥር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለስላሳ የፕላስቲክ ማባበያ በቤት ውስጥ ሠርቶ ዓሣ ስለማጥመድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን የእጅ ሥራ ለአንባቢ ማስተዋወቃችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ማባበያው ውስጥ የሚጨመረው ባለ ቀለም ብልጭልጭ፣ ማለትም የሚያበራው ደቃቅ ብናኝ፣ በበዛ ቁጥር ዓሣው ይበልጥ ይሳባል የሚለውን ምክር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም ሥራውን የጀመርኩት ብልጭልጭ በእፍኝ እየነሰነስኩ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሳቀልጥና ስቀዳ ኖሬ የደረስኩበት ግን ቁንጥር ላይ ነው።

የምናስመስለው ዓሣን ስለሆነ ከዓሣው ልጀምር። አንድ ትንሽ ዓሣ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ብታዘነብሉት፣ ጎኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ አያበራም። አንዱ ቦታ ቦግ ይልና ይጠፋል፤ ቀጥሎ ሌላው ቦግ ይላል። ብልጭታውን የሚሰጠው ጓኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በስስ ክሪስታል መልክ ተደርድሮ ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሳል፤ ዓሣው ዞር ሲል ደግሞ ይከስማል። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ቦግ እልም ማለት ነው። ብናኙ ሲበዛ እርስ በርሱ ይጋረዳል፣ ፕላስቲኩ ብርሃን ማሳለፉን ያቆማል፣ ማባበያውም ከየትኛውም ጎን ቢታይ ያው አንድ ዓይነት ይሆናል። እንዲህ የሚያበራ ዓሣ ውሃ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

የመብዛቱ ጉዳት በመልኩ ብቻ አያበቃም። ማባበያውን የምንሠራበት፣ ፕላስቲሶል የምንለው ፈሳሽ፣ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ዱቄት በማለስለሻ ዘይት ውስጥ የተበተነበት ነው። ሲሞቅ መጀመሪያ ወተት የመሰለው ይወፍራል፤ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይጠራና እንደ ማር መፍሰስ ይጀምራል። ብልጭልጩ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ከፈሳሹ ይልቅ ከባድ ስለሆነ ቀስ እያለ ይዘቅጣል። መጀመሪያ በቀዳሁበት ቀን ይህን አላወቅኩም ነበር። ከኩባያው አናት ተቀድቶ የወጣው የትል ቅርጽ ያለው ማባበያ ጥርት ያለ ሆነ፤ ከሥር የወጣው ግን ጭራው በብናኝ ታጭቆ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ይሻክር ነበር። በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ባደርገው ጭራው ከሚቀጥንበት ቦታ ላይ ተበጠሰ። ዓሣን የሚጠራው የጭራው መወዛወዝ ሆኖ ሳለ፣ በብልጭልጭ የታጨቀ ስስ ጭራ ይገተራል እንጂ አይወዛወዝም። አሁን ፕላስቲኩ ጥቂት ቀዝቀዝ ብሎ ወፈር እስኪል እጠብቃለሁ፤ በቀዳሁ ቁጥርም ከሥር ወደ ላይ በቀስታ አማስላለሁ። በኃይል ማማሰል አየር እያስገባ ሥራውን አረፋ በአረፋ ያደርገዋል።

ለአንድ ኩባያ ፕላስቲሶል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃኛል። አብዛኛው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ደቃቁ ነው፤ በላዩ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሚሆኑትን ጥቂት ፍሬዎች ጣል አደርጋለሁ። በቀለም በኩል የሰው ምርጫ ይለያያል። ሆኖም ቀይ ብርሃን በጠራ ውሃ ውስጥ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚዋጥ፣ እጃችን ላይ ያማረው ቀይ ፍሬ ከጥልቁ ሲደርስ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ሰማያዊው ራቅ ብሎ ይዘልቃል።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያላነሣው የብልጭልጩን ዓይነት ነው። ይህ መነሣት ነበረበት። ለካርድና ለወረቀት ማስጌጫ የተሠራውን ይዞ ወደ ትኩስ ፕላስቲክ የሚሄድ ጀማሪ ብዙ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ቀዩ ብናኝ እንደ ተለበለበ ፀጉር ተጠቀለለ፤ ቀለሙም ለቆ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ሐምራዊ አደረገው። የሚያስፈልገው ሙቀትንና ማለስለሻ ዘይቱን እንዲችል የተሠራ የፖሊስተር ብልጭልጭ ነው። ስለ ሙቀት ካነሣን ደግሞ በግምት መሥራት አይገባም፤ ቴርሞሜትር ይያዝ። ፒቪሲ ሲያርር ቢጫ ይሆንና ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል። ቅርጽ ማውጫው ላይ የቀረች አንዲት የውሃ ጠብታም ትኩሱን ፕላስቲክ ፊት ላይ ልታፈናጥር ትችላለች። መስኮት ይከፈት፣ መነጽርና ጓንት ይደረግ፣ የተሠራበት ዕቃም ወደ ማዕድ ቤት አይመለስ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ያጠመድኩትን ዓሣ ሆድ ስከፍት አንድ የጣት ግማሽ የሚያህል ነገር ወጣ። አጥቤ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ያበጠ የፕላስቲክ ትል ቁራጭ ነበር፤ ሰማያዊና ብርማ ፍሬዎቹ ዛሬ የተነሰነሱ ይመስል ያበራሉ። የዓሣው ሆድ አልፈጨውም፣ ውሃውም አላደበዘዘውም። አጠገቤ የነበረችው ልጄ «አባዬ፣ ያንተ ነው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቅልቅል እሠራ ስለነበር አይደለም ልላት አልቻልኩም።

የአውሮፓ ኅብረት ሆን ተብለው ወደ ምርት የሚጨመሩ ማይክሮ ፕላስቲኮችን፣ ማለትም ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን፣ የሚገድብ ደንብ አውጥቶ፣ ከኦክቶበር 17 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልቅ የፕላስቲክ ብልጭልጭ እንዳይሸጥ ከልክሏል። በጠጣር ነገር ውስጥ ተይዞ የሚቀረውን ግን አልከለከለም። የእኛ ሥራ በዚህ መካከል ነው ያለው። ማባበያው ሙሉ ሆኖ ሳጥናችን ውስጥ እስካለ ብልጭልጩ ታስሯል፤ ተቀድዶ ውሃ ውስጥ ሲቀር ግን ያ እስር ምን ያህል እንደሚቆይ ልንጠይቅ ይገባናል። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰውን ብናኝ በውሃ አጥቦ ወደ ፍሳሽ መልቀቅም ያው ነው። እኔ በእርጥብ ወረቀት ለቅሜ ከቆሻሻ ጋር እጥለዋለሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ስለ መጠኑና ስለ ብልጭልጩ ዓይነት ማስተካከያ እንድታወጡ፣ ያረጀና የተቀደደ ማባበያም ውሃ ውስጥ እንዳይጣል እንድታሳስቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ዛሬ ከመንጠቆዬ የወለቀውን ሁሉ፣ የጭራ ቁራጭ ቢሆን እንኳ፣ በኪሴ በያዝኳት ክዳን ባላት ጣሳ ውስጥ እከታለሁ። ጣሳዋ ስትሞላ ልጄ በቀለም በቀለም ትለያቸዋለች፤ መልሼ አቀልጣቸዋለሁ። ብልጭልጩ ከነፕላስቲኩ ስለሚመለስ አዲስ አልጨምርበትም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ