ለአርባው መጽሔት፣ ስለ ሕመማቸው

ይድረስ ለውድ አባባ፤ ፒያሳ

እንደምን ሰነበቱ? በስልክ ለጠየቁኝ ነገር መልሱ ረዘም ስለሚል በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ለባልንጀራዎ አርባ በምታሳትሙት የመታሰቢያ መጽሔት ላይ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለውን ትተው የበሽታውን ስም ሊጽፉ ያሰቡት ለሰው ትምህርት እንዲሆን ነው። ልብዎን አውቃለሁ። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ በራሳቸው አንደበት ካልፈቀዱ እባክዎ አይጻፉት።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሐኪሞች የጄኔቫ ቃለ መሐላ ምስጢር ጠብቁ ይል ነበር፤ በ1968 «ታካሚው ከሞተ በኋላም» የሚል ተጨመረበት። ቤተሰብ ያንን አልማለም፤ ጉዳቱ ግን አንድ ነው፤ የሚያርፈውም በቀሩት ላይ ነው። ሟች ኤች አይ ቪ ነበረባቸው ማለት ስለ ባለቤታቸው መናገር ነው። በውርስ የሚመጣው፣ በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው የኩላሊት ከረጢት በሽታ (ኩላሊት ውስጥ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚበዙበት) ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ100 50 ነው። በመጽሔት ከወጣ ሰፈሩ ልጆቹን መቁጠር ይጀምራል።

ከልጆቹ መደበቅ ግን ከማውጣት የከፋ ነው። የሚወረስ ከሆነ ባለቤታቸው ወይም ሐኪሙ ለብቻቸው አስቀምጠው ይንገሯቸው፤ የኩላሊቱ በሽታ ከሆነ የደም ግፊት ይለኩ፣ የኩላሊት አልትራሳውንድ ይነሡ። የሳንባ ነቀርሳ ከነበረ አብረው የኖሩ ሁሉ፣ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ጤና ጣቢያ ይታዩ። ይህ ለጎረቤት የሚነገር አይደለም።

ሌላው የሚያሳስበኝ ለሕክምና ገንዘብ ሲሰበሰብ በቴሌግራም የተለቀቀው የሐኪም ማስረጃ ነው። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የካርድ ቁጥራቸው፣ የበሽታው ስም፣ ሁሉም እዚያው አለ። የለጠፈው ልጅ ዛሬውኑ ያጥፋው፤ ሰው ለሰው ያስተላለፈው ላይጠፋ ይችላልና መዘግየት አያስፈልግም። ወደፊት ወረቀት መለጠፍ ግድ ከሆነ በስልኩ ማድመቂያ ቀለም አይሸፍኑት፤ ብርሃን ሲጨመርበት ከሥሩ ይነበባል። ያንን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ነው።

ለእድርና ለባንክ የሞት ምስክር ወረቀቱን እንጂ የሆስፒታሉን ማጠቃለያ አይስጡ። የሕይወት መድን ካለ ምክንያቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ለመድን ድርጅቱ ብቻ፣ በታሸገ ፖስታ።

ባለቤታቸው ጽሑፉን ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ይስሙት። አንብበው ያሰሟቸው፤ «ይህቺ ትውጣ» ካሉ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ያውጡላቸው።

ልጅዎ