ልጄን ማን ይዞልኝ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በኮሮና ጊዜ ስለተሰጠው ድጋፍ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦችን እንደ ጽዳት ያለ ሥራ እያሠራ የሚከፍለው ፕሮግራም፣ ተጠቃሚዎች የ3 ወር ክፍያ ቀድሞ እንደተሰጣቸው፣ ከሥራውም እንዳረፉ ጽፋችኋል። ልክ ነው። ጎረቤቶቼ ወስደዋል፣ እሰየው። ደሴ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ መሆኗም ልክ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። መሥራት የማይችሉት በቀጥታ ድጋፍ፣ «መሥራት የሚችሉት» በሥራ ታቅፈው ማንም አልቀረም ብላችኋል።

እኔ ቀርቻለሁ።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። ያኔ 9 ዓመቱ ነበር፤ አይናገርም። ልመዘገብ ስሄድ መዝጋቢው ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ መጥረጊያ መያዝ አያቅትሽም» አለኝ። አያቅተኝም። ግን ልጄን ማን ይዞልኝ? በሩ ገርበብ ካለ አስፋልት ድረስ የሚሮጥ ልጅ ነው። ሥራውን ልጄ ከለከለኝ፤ ቀጥታ ድጋፉን ጤነኛነቴ ከለከለኝ።

መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ የነበረችኝ ግማሽ ቀንም ሄደች። እንጀራ ጋግሬ የማስረክበው በዚያች ግማሽ ቀን ነበር። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይቀጥላል ተባለ። ለእሱ ምኑ ነው? ጭንብል ሳደርግለት ላስቲኩን ያኝከዋል፤ በቀን 3 ይጨርስ ነበር። ያለ ጭንብል ደግሞ ታክሲ አያስገቡንም። ከሳላይሽ ሰፈር እስከ ፒያሳ በዚያ ብርድ እጁን አንቄ በእግር ነበር የምንወርደው።

ካናዳ ያለችው የአክስቴ ልጅም እንደኔው ዓይነት ልጅ አላት። በዚያው ሰሞን እዚያ ያለው የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 200፣ ልዩ ፍላጎት ላለው ደግሞ እስከ 21 ዓመቱ 250 የካናዳ ዶላር ለወላጅ ሰጠ። ያስቀናኝ ብሩ አይደለም። የእሷን ጉልበት ማንም አልለካም። የቆጠሩት ልጁን ነው።

አገራችን ድሃ ናት፣ አውቃለሁ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ጉዳተኞችን የሚረዳው አቅሙ በፈቀደ መጠን ነው ይላል። ይሁን። ልጄን መዝገብ ላይ ለማስፈር ግን ምን አቅም ይጠይቃል?

«ማንም አልቀረም» ያላችሁትን አስተካክሉልን። ከማስተካከላችሁ በፊትም ልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማችሁ እናቶቹን ጠይቁ። እኔ ቤት መምጣት የሚፈልግ ጋዜጠኛ ካለ ከሰዓት ይምጣ። ጠዋት ልጄን ሳጥብና ሳለብስ በር አልከፍትም።

የአንድ ልጅ እናት፣ ከደሴ