ከዳተኛውን ልግደለው ወይስ ልተወው?

ውድ ወዳጄ፣

ዝምታዬ ይቅርታ ከሚሸፍነው በላይ መርዘሙን አውቃለሁ፤ ወቀሳህን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እቀበላለሁ። አሁን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጻፍኩልህ ናፍቆት ብቻ ገፋፍቶኝ ሳይሆን ቸግሮኝ ነው።

ከሩቅ ምሥራቅ የመጣን አንድ ፊልም ለምዕራብ ተመልካች እንደገና እንድጽፍ ሥራ ተቀብዬ፣ መጨረሻው ትዕይንት ላይ ስደርስ ቆሜ ቀርቻለሁ። ፕሮዲውሰሩ ከዳተኛው ካልሞተ ተመልካቹ ተናዶ ይወጣል ይላል፤ እኔ ደግሞ ከሞተ ታሪኩም አብሮት ይሞታል ባይ ነኝ።

«ኢንፈርናል አፌርስ»ንና «ዘ ዲፓርትድ»ን አከታትለን ያየን ጊዜ የተጨቃጨቅነውስ በዚሁ አልነበረም? የ2002ቱ የሆንግ ኮንግ ፊልም ማብቂያ የሌለውን የቡድሂስቶች ሲኦል ጠቅሶ ይጀምርና፣ ፖሊስ ውስጥ የተሰገሰገውን የወንበዴዎች ሰላይ በሕይወት ይተወዋል። ሰውየው ቀብር ላይ ቆሞ ለሟቹ ፖሊስ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው ዕድሜ ቅጣቱ ነው። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ በ2006 «ዘ ዲፓርትድ» ብሎ ታሪኩን ቦስተን ሲያደርሰው ግን፣ ጓንት ያጠለቀና ጫማውን በፕላስቲክ የሸፈነ ሰው ቤቱ ድረስ ገብቶ ይገድለዋል፤ ያም አልበቃ ብሎ በበረንዳው ላይ አይጥ ትሄዳለች፤ በእንግሊዝኛ ከዳተኛ «አይጥ» ይባላልና። እኔ እስከ ዛሬ ያልተዋጠችልኝን አይጥ አንተ አጨብጭበህላት ነበር!

ነገሩን የምሥራቅና የምዕራብ ልዩነት ነው ብዬ እንዳልዘጋው ደግሞ፣ ያው የሆንግ ኮንግ ፊልም ለዋናው ቻይና ሲዘጋጅ ሰላዩ በመጨረሻ ይታሰራል። ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዲታይ የማይፈልግ ሳንሱርና ገንዘቡ ያሳሰበው ፕሮዲውሰር ከተለያየ በር ገብተው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ ማለት ነው።

የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራዮች» (1954) ሳስብ ግን ልዩነቱ እንደገና ይታየኛል። ወጣቱን ሳሙራይ የወደደችው የገበሬ ልጅ በመጨረሻ አልፋው ወደ ሩዝ ተከላው ትገባለች፤ በመካከላቸው የቆመውን የመደብ ግንብ ፍቅር አያፈርሰውም። አሜሪካኖች ይህንኑ ታሪክ እንደገና በሠሩበት በ1960ው «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ግን ወጣቱ ሽጉጡን ፈትቶ ወደ ልጅቷ ይመለሳል፤ እዚያ ሰው የሚኖረውን ኑሮ ራሱ መምረጥ ይችላልና። ሁለቱም መጨረሻዎች በየቤታቸው ያምራሉ፤ ቦታ ቢለዋወጡ ግን ሐሰት ይሆናሉ።

እንዴት እንደምነግርህ… የሞቱን ትዕይንት በድብቅ ጽፌዋለሁ፤ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ቆንጆ ሆኖ መውጣቱ ነው። ሁለቱንም መጨረሻዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። እንደ ልማድህ ከመጨረሻው ገጽ ሳትጀምር አንብብና፣ የትኛውን ለፕሮዲውሰሩ እንደምሰጥ ሳታባብለኝ ጻፍልኝ።

ያንተው