ያን ባለ ክንፍ አትጣልብኝ

ይድረስ ለወዳጄ ለአለማየሁ፣

እንደምን ሰነበትክ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ፣ ሰበብ አልደረድርም። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የላክኸው የዚያ ባለ ክንፍ ነፍሳት ፎቶ ነው። «ተርብ ነው ምስጥ? ቤቱን መድኃኒት ላስረጭ ነው» ብለሃል። እባክህ አታስረጭ!

የገብረ ጉንዳን ወንዱ ነው። ምስጥ አለመሆኑን ራስህ እየው። ዝናብ ካባራ በኋላ የሚፈላው አሸን፣ ማለትም ክንፍ ያወጣው ምስጥ፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው፣ ቶሎም ይረግፋሉ፤ አንቴናው እንደ ጨሌ የተሰካካ ቀጥ ያለ ነው፤ ወገቡም ወፍራም ነው። ያንተው ግን የፊት ክንፎቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፤ በደረቱና በሆዱ መካከል አንዲት ቋጠሮ አለችው። ተርብ ወገቡ ቢቀጥንም እንዲህ ያለች ቋጠሮ ጎልታ አትታይበትም። አንቴናውን ግን ብዙ አትመነው፤ የሴት ጉንዳን አንቴና እንደ ክርን ይታጠፋል፣ የወንዱ እጥፋት ብዙ ጊዜ አይለይም።

ገብረ ጉንዳን ያሰኘኝ ሆዱ ነው፤ ረጅም፣ ጠጉራም፣ ልክ ቋሊማ። ወንዱ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ ዐይኖቹ ትልልቅ ናቸው። መንገድ ሲያቋርጡ የምታውቃቸው ሠራተኞቹ ዐይን የላቸውም፤ ንግሥቲቱም ክንፍ አታበቅልም። ስለዚህ የሚበረው ወንዱ ብቻ ነው፤ ዘመድ አይመስሉም። ለፍጥረታት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊኒየስ ራሱ በ1764 እ.ኤ.አ. አንዱን ወንድ ከተርብ መድቦት ነበር፤ አንተ ምን ያሳፍርሃል!

ሆዱን እያጠፈ ቢያስፈራራህም አይናደፍም። የጉንዳን መናደፊያ ከእንቁላል መጣያ የመጣ ነው፣ ወንዱ ከየት ያመጣዋል? እንጨትም አይበላም። የሳበው አምፖሉ ነው፤ የበረንዳውን መብራት ካጠፋህ አይመጣብህም። አንተ ደግሞ መብራት ሳታጠፋ መተኛትህን አልተውክም ማለት ነው!

አሁን… እንዲህ ጠፍቼ ሳለሁ መለመን ይከብደኛል፤ ግን ልለምንህ። ዝርያው በፎቶ አይለይም፤ መንጋጋውንና የብልቱን ቅርጽ በማጉያ ማየት ይጠይቃል። ስለዚህ ራሱን ላክልኝ፤ መጀመሪያ ግን ከጎንና ከፊት፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገህ ፎቶ አንሳልኝ። ከዚያ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ግዛና በትንሽ ብልቃጥ ሙሉ በሙሉ እንዲጠልቅ አድርገህ ክደነው። አረቄ አይሆንም፣ ጥንካሬው ስለሚያንስ ውስጡ ይበሰብሳል። የተያዘበትን ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና «መብራት ላይ» የሚለውን በወረቀት ጽፈህ እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ክተተው። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል፣ ያለ ቦታና ቀን ደግሞ ናሙናው ለምንም አይሆንም።

ብልቃጡን ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አስይዘው። ራስህ ይዘኸው ብትመጣ ደግሞ… አልጋው እንዳለ ነው።

ወዳጅህ