ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ የዓሣ አስጋሪ መርከብ ቴምብሮች አመዳደብ ስለመለወጡ

ለክቡራን ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ከሚቀጥለው ዝርዝራችን ጀምሮ ዓሣ አስጋሪ መርከቦችንና የዓሣ ማስገር ሥራን የሚያሳዩ ቴምብሮች በአገር ስም ተራ መውጣታቸው ይቀርና በማስገሪያው ዓይነት ተመድበው ይደርሷችኋል። ለውጡ በእያንዳንዳችሁ አልበም ላይ የሚያመጣው ነገር ስላለ ምክንያቱን በዝርዝር ልናስረዳችሁ ወደድን። በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ሐሳብ ያመጣን የብሪታንያ የ1981 ስብስብ ነው። የጥልቅ ባሕር ዓሣ አስጋሪዎችን የሚረዳው ተራድኦ ድርጅት የተመሠረተበትን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ሴፕቴምበር 23 ቀን አራት ቴምብሮች ወጡ፤ ሥዕሎቹን የሠራው ብራያን ሳንደርስ ነው። በ14 ፔንሱ ላይ ሊንሲ 2 ከተባለችው ጀልባ ኮክል የተባለው ዛጎል ለበስ ከባሕር ወለል ሲዛቅ ይታያል። በ18ቱ ጎታች መረብ ሲሳብ፣ በ22ቱ ሎብስተር የተባለው ሸርጣን መሳይ የባሕር እንስሳ የሚያዝበት ወጥመድ ሲነሣ፣ በ25ቱ ደግሞ ሴን የሚባለው ዓሣውን የሚከብ መረብ ወደ ላይ ሲወጣ እናያለን። አራት ቴምብር፣ አራት የተለያየ ሥራ። ሠዓሊው ትኩረቱን ከመርከቡ ቅርጽ ይልቅ በሰዎቹ እጅና በያዙት መሣሪያ ላይ አድርጓል። እነዚህን አራቱን «ብሪታንያ» በሚል ርዕስ ሥር በአንድ ረድፍ ስንደረድራቸው ያማሩ ሥዕሎች ከመሆን አያልፉም። የ18 ፔንሱን ከሌሎች አገሮች የጎታች መረብ መርከቦች አጠገብ ስናስቀምጠው ግን ያው መረብ በሌላ ባሕር፣ በሌላ ዘመንና በሌላ መርከብ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ወዲያው ይታያል።

በአገር ተራ መመደብ ለብዙ ርዕሶች ይበቃል። ለዓሣ አስጋሪ መርከብ ግን አይበቃም ብለን እናምናለን፤ መርከቡ እንዲህ ሆኖ የተሠራው በሚጥለው መረብ ወይም መንጠቆ ምክንያት ነውና።

ይህን በማጉያ መነጽር ራሳችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። በመርከቡ ጎን ላይ ከፊትና ከኋላ ሁለት የቀስት ቅርጽ ያላቸው ወፍራም ብረቶች ቆመው ካያችሁ፣ መረቡን በጎኑ በኩል የሚጥልና የሚያነሣ የቀድሞው ዓይነት ጎታች መርከብ ነው። የመርከቡ የኋላ ጫፍ ተቆርጦ እስከ ውኃው የሚወርድ ተዳፋት ካለው ደግሞ መረቡ በዚያ ተዳፋት ይወጣል ማለት ነው፤ ይህ ዓይነቱ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። የእንፋሎት ጭስ ማውጫ እያለው ከኋላው ትንሽ ሸራ የሰቀለ መርከብ ብዙ ሰው ያደናግራል። ይህ በተንሳፋፊ መረብ ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ የሚያሰግረው ነው፤ ሸራው ሌሊቱን መረቡ ውኃ ውስጥ ተዘርግቶ ሳለ የመርከቡ አፍንጫ ወደ ነፋሱ እንደዞረ እንዲቆይ ያደርገዋል። ዓሣውን ከቦ ከታች በገመድ የሚዘጋ መረብ በያዘ መርከብ ላይ ከክሬኑ ጫፍ ትልቅ መዘውር ተንጠልጥሎ ካያችሁ፣ ሥዕሉ ከ1950ዎቹ በፊት ያለውን ዘመን አያሳይም፤ ማሪዮ ፑሬቲች ያንን መረብ መሳቢያ መዘውር የፈለሰፈው በዚያን ጊዜ ነው። በግራና በቀኙ አምፖሎች የተደረደሩለት ስኩዊድ የተባለውን ባለ ብዙ እጅ የባሕር እንስሳ የሚያሰግር ነው፤ በሌሊት በብርሃን ይስበዋል።

የብሪታንያ መርከብ ከሆነ በአፍንጫው ላይ የተጻፉትን ፊደሎች መመልከትም አትርሱ። ጂ ዋይ (GY) የግሪምስቢ፣ ኤል ቲ (LT) የሎውስቶፍት፣ ኤች (H) ብቻውን ሲሆን የሀል ወደብ ምዝገባ ነው። የጥቂት ሚሊሜትር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከቴምብሩ መግለጫ የበለጠ ይነግራል።

በአዲሱ አመዳደብ ከሁሉ የሚሰፋው የኮድ ዓሣ ክፍል ነው። ዛሬ የካናዳ ክፍል የሆነችው ደሴት ኒውፋውንድላንድ በ1865 ባወጣችው ስብስብ ባለ 2 ሳንቲሙ አረንጓዴ ቴምብር ላይ ከንጉሥ ወይም ከንግሥት ፊት ይልቅ ኮድ ዓሣ ነው ያለው። በዚያው ስብስብ ባለ 5 ሳንቲም ላይ ያለው «ሲል» (seal) የተባለው የባሕር እንስሳ ሲሆን፣ ቀራጩ ክንፍ መሳይ መቅዘፊያውን ትቶ የእንስሳ እግር አድርጎለታል፤ ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ የሚያነሡት ነገር ነው። የኮዱን ቴምብር የምትፈልጉ ወረቀቱን አስተውሉ፦ የመጀመሪያው ኅትመት ስስና ቢጫማ፣ በ1870 ገደማ የመጣው ነጭ ነው፤ ሁለቱ በዝርዝራችን ለየብቻ ይወጣሉ። ያው ዓሣ በ1932 በባለ 1 ሳንቲም ላይ ተመልሶ መጣ፣ ከሥሩም «የኒውፋውንድላንድ ገንዘብ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ለአንዲት ደሴት ሕዝብ ዓሣው ምን እንደነበር ከዚህ በላይ በግልጽ የተናገረ ቴምብር አናውቅም።

ካናዳ በጃንዋሪ 1929 ያወጣችው ባለ 50 ሳንቲም ሰማያዊው «ብሉኖዝ» በብዙዎቻችሁ አልበም ውስጥ አለ፤ የሌላቸውም ሁልጊዜ ይጠይቁናል። ከዋላስ ማካስኪል ፎቶግራፎች ተዘጋጅቶ በብረት ቅርጽ የታተመ ነው፤ የሸራዎቹ ጥላ በእጅ የተቀረጹ ቀጫጭን መስመሮች መሆኑን በመነጽር ስታዩ ይህ ቴምብር ለምን ከምርጦቹ አንዱ እንደሚባል ይገባችኋል። ብሉኖዝ በ1921 በካናዳዋ የሉነንበርግ ወደብ የተሠራች ባለ ሸራ መርከብ ናት። በቴምብሩ ላይ የምናየው የሸራ መርከቦች ውድድሯን ነው። ዋና ሥራዋ ግን ኮድ ማስገር ነበር፤ የሉነንበርግ ባለ ሸራ መርከቦች ትንንሽ ጀልባዎችን ተሸክመው ወደ ጥልቁ ባሕር ይወጡና ሰዎቹ በእነዚያ ጀልባዎች ተከፋፍለው ረጅም ባለ ብዙ መንጠቆ ገመድ ይዘረጉ ነበር። በአሮጌው አመዳደብ ብሉኖዝን «የካናዳ ሸራ መርከቦች» ውስጥ ታገኟት ነበር። አሁን ቦታዋ ከመንጠቆ አስጋሪዎች ጋር፣ በኒውፋውንድላንድ አጠገብ ያለችው የፈረንሳይ ግዛት ሴን ፒየርና ሚክሎን በ1909 ካወጣቻቸው የዓሣ አስጋሪና የአስጋሪ ሸራ መርከብ ቴምብሮች ቀጥሎ ነው። ሁለቱም የአንድ ባሕር፣ የአንድ ዓሣ ሰዎች ናቸውና።

ከዚያ ገጽ በኋላ የሚመጡት ፋብሪካ መርከቦች ናቸው። በ1954 ሥራ የጀመረችው የብሪታንያዋ ፌርትራይ በኋላ ተዳፋቷ መረቡን እየሳበች፣ ዓሣውን እዚያው ቆርጣና አቀዝቅዛ ትመለስ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ወዲያው የዚህን ዓይነት መርከቦች በብዛት አሠርታ አሰማራች። የሶቪየት የ1967 ስብስብ ይህን መርከብ ከሸርጣን ማሸጊያና ከዓሣ ነባሪ መርከብ ጋር አንድ ላይ ያሳያል። ዓሣ ነባሪ ማደን ሌላ ርዕስ ቢሆንም ስብስቡን መቁረጥ ስለማንወድ ሙሉውን እዚህ አስቀምጠነዋል። በ1968 ከኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ባሕር የወጣው ኮድ ከ800,000 ቶን አልፎ ነበር፤ ጁላይ 2 ቀን 1992 ካናዳ ማስገሩን ዘጋችው። የ1865ቱን አረንጓዴ ቴምብር፣ ብሉኖዝንና ፋብሪካ መርከቦቹን በተከታታይ ገጽ የሚያይ ሰው ይህ እንዴት እንደመጣ ማንም ሳይነግረው ይረዳል። ለእኛ የአመዳደቡ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

አይስላንድም በዚህ ክፍል ሰፊ ቦታ አላት። ከ1939 ጀምሮ በዕለታዊ ቴምብሮቿ ላይ ኮድና ሄሪንግ አትማለች፤ የማስገሪያ ወሰኗንም በ1958 ወደ 12፣ በ1972 ወደ 50፣ በ1975 ወደ 200 የባሕር ማይል ስታሰፋ ከብሪታንያ ጋር የተጋጨችው በእነዚሁ ዓሦች ምክንያት ነው። የፋሮ ደሴቶች በ1975 የራሳቸውን ቴምብር ማውጣት ከጀመሩ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ከዳርቻ ጀልባ እስከ ትልቅ ጎታች መርከብ ያለውን የራሳቸውን መርከብ አሳተሙ። ይህ ስብስብ ለጀማሪ እጅግ ተስማሚ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ቋሚ ትእዛዝ ያላችሁ ደንበኞች ቀድሞ የመረጣችሁት አገር እንዳለ ይቀጥላል፤ በማስገሪያ ዓይነት መቀበል የምትሹ ብቻ ጻፉልን። እስካሁን የወሰዳችኋቸው ገጾች መለወጥ የለባቸውም። በአዲስ ለመደርደር ከወሰናችሁ ግን ሙጫቸው ያልተነካ ቴምብሮችን በመቆንጠጫ ብቻ አንሡ፣ በማጣበቂያ ከተለጠፉ አታስገድዷቸው።

ከዝርዝሩ ያወጣናቸውም አሉ። የአገራቸው ፖስታ ቤት ያላወጣቸው፣ በሌሎች ሰዎች የታተሙ ባለ መርከብ ብሎኮች (አንድ ወይም ጥቂት ቴምብር የያዙ ትንንሽ ወረቀቶች) በብዛት ይዞራሉ፤ ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረትም ስለነዚህ ለአባል አገሮቹ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሥዕላቸው ያምር ይሆናል፣ ግን አንድም ደብዳቤ አድርሰው አያውቁም። ከ2002 ወዲህ የወጣ ቴምብር ሲሆን በኅብረቱ የመመዝገቢያ ሥርዓት ውስጥ መኖሩን እያየን ነው የምንቀበለው።

በመጨረሻ፣ የዓሣ አስጋሪ ወደብ ማኅተም ያረፈበት ፖስታ ያላችሁ ቴምብሩን ከፖስታው ላይ አትንቀሉ። እንዲያውም ምስሉን ብትልኩልን መርከቡንና ወደቡን በመለየት እናግዛችኋለን፤ ለዚህ አገልግሎት ምንም አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመርከብ ቴምብሮች ክፍል