የተማሪዎች ክሊፕ ከካሜራው በፊት ወረቀት ይቅደመው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎጃም ትምህርት ቤቶች ያሉ የሚኒ ሚዲያና የኪነ ጥበብ ክበባት የሙዚቃ ክሊፕ ለመሥራት መነሳታቸው በእጅጉ ደስ ይላል። የሚያሳስበኝ ዘፈን ተመርጦ ልብስ እንደተገኘ ጉዞው ወዲያው ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ወደ ጣና ዳር መሆኑ ነው። የሚያምር ግን እርስ በርሱ የማይያያዝ ምስል ተይዞ ይመጣል። ክበባቱን የሚመሩ መምህራን አስቀድመው ሁለት ወረቀት ይጠይቁ፤ የአንድ ክሊፕ ትንተናና የተማሪዎቹን የሾት ዝርዝር፤ ሾት ማለት ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቀረጻ ነው።

ትንተናው ድምፁን ዘግቶ ይጀመር። እያንዳንዱ ሾት ስንት ሰከንድ ቆየ? ከቅርብ ነው ከሩቅ? ካሜራው ይንቀሳቀሳል? 240 ሰከንድ የሚፈጅ ክሊፕ 80 ሾት ካለው አንዱ በአማካይ 3 ሰከንድ ይቆያል ማለት ነው። ከዚያ ድምፁ ይከፈትና ምስሉ ግጥሙን እንዳለ አሳይቶት፣ ጨምሮበት ወይስ ተቃርኖት እንደሆነ ይለይ። የእኛ ግጥም ሰምና ወርቅ ስላለው እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያሻል። ዘፋኙ «ዓባይ» ባለ ቁጥር ወንዙን የሚያሳይ ክሊፕ የያዘው ሰሙን ብቻ ነው። ወርቁ ሄዶ የቀረ ሰው ከሆነ፣ ተቀድቶ ያልተነሳ አንድ ሲኒ ቡና ከፏፏቴው አብልጦ ይናገራል።

እስክስታም የራሱን አቀራረጽ ይፈልጋል። ካሜራው በደረት ቁመት ሆኖ ከወገብ በላይ ይያዝ፤ ትከሻው ጀምሮ እስኪጨርስም አይቆረጥ። በየሰከንዱ መቁረጥ ከውጭ ክሊፖች የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ትከሻውን መሃል ላይ ይበጥሰዋል፣ ጎበዙን ተጫዋች ከሌላው መለየትም አይቻልም።

ከንፈርና ድምፅ አልገጥም የሚለው በአብዛኛው በፕሌይባክ፣ ማለትም በቀረጻ ጊዜ ለዘፋኙ በሚከፈተው የተቀዳ ዘፈን፣ ጉድለት ነው። ለቀረጻም ለኤዲቲንግም አንድ ፋይል ብቻ ይኑር፤ ከዘፈኑ በፊት ሦስት ጭብጨባ ይግባበት፣ ድምፁን ማገጣጠሚያ ይሆናል። ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀረጽ፤ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከወገብ በላይ፣ አንዴ ፊት ብቻ። ፏፏቴው አጠገብ ስፒከር አይሰማም፤ ለዘፋኙ በፀጉር ወይም በነጠላ የሚሸፈን የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል፣ ሌንሱን ከውኃው ርጭት የሚጠርግ ደረቅ ጨርቅም እንዲሁ። በሰከንድ በ25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚታይ ቪዲዮ ዘፋኙ በዝግታ እንዲንቀሳቀስ ከተፈለገ በ50 ፍሬም ይቀረጽ፣ ዘፈኑም በእጥፍ ፍጥነት ይከፈትለት፤ ያለዚያ ከንፈሩ ወደ ኋላ ይቀራል።

ስልክ ብዙውን ጊዜ በ30 ፍሬም ይቀርጻል። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ 25 ፍሬምና 1/50 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ካልተመረጠ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ውጭ ከሆነ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ይሻላል፤ የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። የፏፏቴው ውኃ በበጋ እንደሚቀንስም ይታሰብ። ሙሉውን የሚፈልግ ነሐሴንና መስከረምን ያቅድ።

የሌላ ሰው ዘፈን ከሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውንና የድምፃዊውን መብት ይጠብቃል። ፈቃዱ ዘፈኑ በተመረጠበት ሳምንት ይጠየቅ፤ ኤዲቲንግ ካለቀ በኋላ እምቢ ከተባለ የክበቡ ልፋት ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቪዲዮ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር