የምንከፍለው ደረሰኝ አለው፤ የሚመለስልንም ይነበብልን

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ገንዘብ ቢሮ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የወረዳና የቀበሌ ገቢና ወጪ በየቀበሌው ለሕዝብ እንዲነበብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ በ1987 ዓ.ም. በግብር ሰብሳቢነት ተቀጥሬ፣ ኋላም የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ በ2014 ዓ.ም. ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የወረዳውን ስም አልጠቅስም። የምጽፍልዎ ነገር በአንድ ወረዳ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ዛሬ በዚያ ወንበር ላይ ያሉት ልጆችም ከእኛ ዘመን በከፋ ችግር ውስጥ ስለሚሠሩ ላሳጣቸው አልፈልግም።

የገጠር ግብር የሚከፈለው እህል ከአውድማ ከገባ በኋላ ነው። ጥር ሲገባ ጠረጴዛና የብረት ሣጥን አስጭነን በየቀበሌው እንወጣ ነበር። ከዕለታት በአንዱ አንዲት ባልቴት ተራቸው ደርሶ ቀረቡ። ብሩን ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጠሩልኝ፤ ሞዴል 64 ቆርጬ ሰጠኋቸው። ደረሰኙን አራት አጥፈው፣ በላስቲክ ከጠቀለሉት አረንጓዴ የመሬት ደብተር ውስጥ ከቆዩት ደረሰኞች ጋር ከተቱት። የሟች ባለቤታቸው ስም ያለባቸው፣ ቀለማቸው የለቀቀ የደርግ ዘመን ደረሰኞች ሳይቀሩ እዚያ ነበሩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ “ልጄ፣ እኔ የሰጠሁትን ይኸው ወረቀቱ ይመሰክርልኛል። እናንተ የምትሰጡንስ ወረቀቱ የታለ?” አሉኝ።

ከኋላቸው ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር። “እሱ ወረዳ ነው ያለው” ብዬ አሳለፍኋቸው። አልዋሸሁም፤ ወረቀቱ ወረዳ ነበር። ግን ማንም አውጥቶ ያላነበበላቸው ወረቀት ነው። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

መልሱ እኮ ከባድ አልነበረም። የገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል ገቢ ነው። የግለሰብ ነጋዴው ግብርም፣ የክልሉ ሠራተኛ የደመወዝ ግብርም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን ክልሉን አያቆመውም፤ ከፍተኛው ድርሻ ከፌዴራል መንግሥት በድጎማ ይመጣል፤ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለወረዳዎች በጥቅል ያወርዳል። ወረዳው የራሱን የውስጥ ገቢ ይጨምርበትና ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል። ከዚያ ድምር ትልቁን እጅ የሚወስደው ደመወዝ ነው፤ የመምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ። ቀጥሎ ሥራ ማስኬጃ አለ። ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

“እማማ፣ የእርስዎ ብር ለልጅ ልጅዎ አስተማሪ ደመወዝ ነው የሄደው” ብላቸው ኖሮ የሚቆጡ ሴት አልነበሩም። ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር።

በዚያው ቀበሌ ያለውን እድር ይመልከቱ። በወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባላቱ ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ “ካለፈው የዞረ ይህን ያህል፣ የዚህ ወር ገቢ ይህን ያህል፣ ለእገሌ ኀዘን የወጣ ይህን ያህል፣ በእጅ ያለ ይህን ያህል” እያለ ያነባል። ፊደል ያልቆጠረው ሽማግሌ በቃሉ ይይዘዋል። ጸሐፊው አንድ መስመር ቢዘል “የበርጩማው ጥገናስ?” የሚል ከወዲያ ይነሣል። ገንዘብ ያዡ አንድ ወር ቢያረፍድ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሕዝባችን ሒሳብ መስማትም፣ መጠየቅም የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የእድሩን ጥቂት ብር እንዲህ አፍጥጦ የሚጠብቅ ሰው የወረዳውን ሚሊዮን በወሬ ብቻ እንዲያውቀው መደረጉ ትክክል አይደለም።

ጨርሶ አልተሞከረም አልልም። በውጭ ለጋሾች ገንዘብ የሚደገፈው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ሲመጣ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባል ሥራ ይዞ መጥቶ ነበር። በየወረዳው ግቢ ሰሌዳ ቆመ፤ ማንም ሊረዳው በሚችል ቅጽ የወረዳው በጀት ተለጠፈ። እኔም በእጄ ለጥፌያለሁ። ገበያ የመጡ ገበሬዎች አህያቸውን አስረው፣ ተማሪ ልጃቸውን “አንብብልኝ” ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የፕሮግራሙ ገንዘብ ሲያልቅ መለጠፉም እየሳሳ ሄደ። እኔ ከሥራ ስሰናበት በሰሌዳው ላይ የቀረው ዝናብ ያጠበው፣ ቁጥሩ የማይነበብ የድሮ ወረቀት ነበር። ለመለጠፍ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና አራት መርፌ ነው፤ ለዚህ የውጭ እርዳታ መጠበቅ አልነበረብንም።

አንዳንድ ሰው ጎጃም ከጥንትም ግብር ይጠላል ይላል፤ የ1960ውን አመፅ ይጠቅሳል። ነገሩን ከአባቶቻችን የሰማነው እንዲያ አይደለም። አሥራትን ሽሮ በእርሻ ሥራ ገቢ ላይ ግብር የጣለው አዋጅ ሲመጣ ገበሬው በዓይኑ ያየው ገማቹን ነው። ማሳ ሊገምት የመጣው ሰው ርስቱን በቀላድ ገመድ ሊለካ የመጣ መሰለው፤ የሚያስረዳውም የሚያምነውም ሰው አጣ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ማሩ፤ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከአገረ ገዥነታቸው ተነሡ። “ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ” በሚባልበት ዘመን ነው ይህ የሆነው። ያን ሁሉ ደም ያመጣው የብሩ ብዛት ነው ብዬ አላምንም። ወዴት እንደሚወስደው ያላወቀውን ነገር ሰው ይፈራል።

በእኛም ዘመን ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ። በ1990ዎቹ ማዳበሪያ በዱቤ ሲታደል ለባንኩ ዋስ የሆነው የክልሉ በጀት ነበር። ገበሬው ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ከክልሉ ድጎማ ይቆረጥ ነበር። ስለዚህ የአንዱ ቀበሌ የማዳበሪያ ዕዳ የሌላውን ቀበሌ ክሊኒክ ይነካል። ይህን ለገበሬው ቁጭ ብሎ ያስረዳው ማን ነው? ግብርና ሠራተኛው “ክፈሉ” ይላል፣ ሊቀ መንበሩ “ክፈሉ” ይላል፤ ለምን እንደሆነ የሚናገር ግን አልነበረም።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀበሌ ለትምህርት ቤቱ አንድ ብሎክ መማሪያ ክፍል ለመሥራት ተነሣ። ሕዝቡ ድንጋይ አወጣ፣ የባሕር ዛፍ አጣና በትከሻው ተሸክሞ አመጣ፣ በነፍስ ወከፍ ብር አዋጣ። ጥር ላይ መሠረቱ ተቆፍሮ ግድግዳው ቆመ። ቆርቆሮውና ሲሚንቶው የመንግሥት ድርሻ ነበር። በጀቱ ጸድቋል። ግዥው ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል፣ ጨረታው ሲወጣና ሲሰረዝ ከርሞ ሰኔ ገባ። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል። ስለዚህ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ሩጫ ሆነ። ሲሚንቶው በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ፤ መኪናው ከጭቃ ገብቶ ሁለት ቀን አደረ። ከረጢቶቹ ሸራ ቢለብሱም ረጠቡ። የደረሱትም መስኮት ከሌለው መጋዘን፣ ከባዶ መሬት ላይ ተደረደሩ። የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠ፣ ክፍያው ተፈጸመ፣ ሒሳቡ ተዘጋ። ሰነዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም።

ጥቅምት ላይ ስሄድ ሲሚንቶው ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆኗል። ጣሪያ ያላገኘው የጭቃ ግድግዳ ክረምቱን አልቻለም፤ ግማሹ ፈርሷል። አንድ አባት የወደቀውን አጣና በእግራቸው እየገፉ “ይኼ የኔ ባሕር ዛፍ ነው፤ አውቀዋለሁ” አሉ። በእኛ ሪፖርት ግን ያ ዓመት የካፒታል በጀት በሙሉ ሥራ ላይ የዋለበት ዓመት ነበር። ኦዲተር መጥቶ ቢያየው “ያልተወራረደ” የሚለው ነገር አያገኝበትም።

ሐምሌ 1 የሚጀምር የበጀት ዓመት ጎጃም ላይ ክረምቱ በሚያይልበት ወቅት ይጀምራል። የሚገነባበት ጊዜ ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ቢበላሽም ጨረታ ማውጣት ይቻላል፤ ውል መፈራረም ይቻላል። እነዚህን ሁለት ወራት በስብሰባ አሳልፈን ሰኔ ላይ የምንሯሯጠው ስለለመድነው ብቻ ነው። የጨረታው ቀን፣ የአሸናፊው ስም፣ ዕቃው የሚደርስበት ወር በቀበሌው ቢነበብ ኖሮ እኒያ አባት የካቲት ላይ ወረዳ ድረስ መጥተው “ቆርቆሯችንስ?” ባሉ ነበር። እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ መናገር የፈራሁትን እሳቸው በተናገሩልኝ።

መዋጮም አለ። ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለስፖርት፣ ለልዩ ልዩ ጥሪ የሚሰበሰበው ብር ከግብሩ የሚበልጥበት ዓመት ያጋጥማል። ገበሬው ይህ ግብር ነው፣ ያ መዋጮ ነው ብሎ አይለይም፤ ከአንድ መቀነት ነው የሚወጣው። በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ በየትኛውም የሒሳብ መደብ አይገባም። ጮቄ ተራራ ሥር እርከን ሲሠራ የሰነበተ ሰው ለመንግሥት ምን ያህል እንደሰጠ የሚነግረው ወረቀት የለም።

“በዚህ ጊዜ?” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም በምን ውስጥ እንዳለች ለእርስዎ አልነግርዎትም። ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰው ያጣበት፣ ግብር ሰብሳቢ መውጣት ያልቻለበት አካባቢ ብዙ ነው። ሰላም ሲሆን ይደርሳል የሚለውን ግን አልቀበልም። ሠራተኛ መንቀሳቀስ በሚችልበት ቀበሌ ሁሉ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። በማይደረስበት ቀበሌ ደግሞ የተመደበው በጀት የት እንዳለ፣ ተመልሶ እንደሆነ፣ ወደ ሌላ ተዛውሮ እንደሆነ ሰው የማወቅ መብት አለው። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ለሰላም ጊዜ ብቻ ተብሎ አልተጻፈም።

የምለምንዎ ይህን ነው። የ2019 በጀት ዝግጅት በእጅዎ ነውና፣ ወረዳዎች በጀታቸውን ሲያጸድቁ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱን አንድ ገጽ እንዲያገኝ በመመሪያ ያስገድዱ፦ ከቀበሌው የተሰበሰበ፣ ለቀበሌው የተመደበ፣ የተገዛና የተሠራ። ወረቀቱ በሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት ሕዝብ በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ መስከረም ላይ አንድ ጊዜ፣ ግብር ሊሰበሰብ ሲል ጥር ላይ ሁለተኛ ጊዜ። መዋጮ ሁሉ በመንግሥት ደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ከበጀቱ ጋር አብሮ ይነበብ። የካፒታል ግዥ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ውል ካልታሰረለት ወረዳው ለምክር ቤቱ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ። አንባቢ ሠራተኛ ከጠፋ እኔና መሰሎቼ ጡረተኞች አለን፤ አበል አንጠይቅም።

እኒያ ባልቴት አርፈዋል። መሬቱም ደብተሩም ለልጃቸው ተላልፏል፤ ደረሰኞቹን በዚያው ላስቲክ እንደተጠቀለሉ አሳይቶኛል። ጥር ላይ እሱም ተሰልፎ ይከፍላል።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ምሥራቅ ጎጃም

ግልባጭ፦
ለክልሉ ምክር ቤት
ለየወረዳ ምክር ቤቶች